ጥያቄ፦ በመንግሥት ዕቅድ በጥድፊያ የተገነባ ኢንዱስትሪ ዋጋው እንዴት ይሰላል?

የከዚራው አንባቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ፣ ጥቂት ጓደኛሞች በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ሙቀቱ በረድ ሲል ተሰብስበን የኢኮኖሚ ታሪክ እናነባለን። የዚህ ወር ርእሳችን ሶቪየት ኅብረት በጥቅምት 1928 የጀመረችውና በ1932 መጨረሻ «በአራት ዓመት ከሦስት ወር ተጠናቀቀ» ተብሎ የታወጀው የመጀመሪያው የአምስት ዓመት ዕቅድ ነው። (የውጭውን ዘመን በአውሮፓውያን፣ የአገራችንን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁና እንዳያደናግራችሁ።)

ባለፈው ቅዳሜ ንባቡ ወደ ክርክር ተለወጠና ሳንስማማ ተለያየን። አንደኛው ወገን፣ ስታሊን በየካቲት 1931 ለኢንዱስትሪ ኃላፊዎች ባደረገው ንግግር አገሪቱ ካደጉት አገሮች ከ50 እስከ 100 ዓመት ወደ ኋላ እንደቀረች፣ ይህንንም ርቀት በአሥር ዓመት ካልሸፈነች እንደምትደቆስ መናገሩን ይጠቅሳል፤ ልክ በአሥረኛው ዓመት፣ በሰኔ 1941፣ የናዚ ጀርመን ጦር ድንበር ጥሶ መግባቱም ለጥድፊያው በቂ ማስረጃ ነው ይላል። ሌላው ወገን ሚሊዮኖች በረሃብ ያለቁበትን ሥራ ስኬት ብሎ መጥራት ራሱ ነውር ነው ባይ ነው። እኔ በሁለቱም አልረካሁም። የመጀመሪያው የተከፈለው ሁሉ ለተገኘው ውጤት የግድ አስፈላጊ እንደነበረ አድርጎ ይቆጥራል። ሁለተኛው ደግሞ የሰውን እልቂት ለብቻው ስለሚያስቀምጠው፣ ሳያስበው ኢኮኖሚው አትርፎ ነበር የሚለውን ተቀብሎ ይነሣል።

ስለዚህ ጥያቄዎቼ ሁለት ናቸው። ከተከፈለው ዋጋ ውስጥ ፋብሪካ ለመገንባት የግድ የነበረውን ከአሠራሩ ጥፋት ከመጣው ለይቶ ማስላት ይቻላልን? ሰብአዊው ኪሳራና ኢኮኖሚያዊው ኪሳራስ በእርግጥ ሁለት የተለያዩ ሒሳቦች ናቸውን?

ነገሩ ሩቅ አይምሰላችሁ። ከተማችን በ1895 የባቡሩ ሐዲድ ስለደረሰ የተቆረቆረች፣ በጥር 1967 ታላላቅ የግል ፋብሪካዎች በአዋጅ ሲወረሱ ከነሠራተኞቿ የመንግሥት የሆነች፣ በነሐሴ 2014 ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠና የተመረቀባት ናት። ከላይ የወረደ ውሳኔ ምን እንደሚያመጣና ምን እንደሚወስድ በየቤቱ የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም፤ እባካችሁ እናንተም ያላችሁን ጨምሩበት።

የታሪክ መምህር ከሐረር፦

ከሁለተኛው ጥያቄ እጀምራለሁ፤ እሱ ከተመለሰ የመጀመሪያው ይቀላልና። ሁለት ሒሳቦች አይደሉም፤ በአንድ ኩንታል ስንዴ በኩል ሲያልፉ ማየት ይቻላል።

የሶቪየት መንግሥት ማሽኑን ከአሜሪካና ከጀርመን የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነበር፤ ምንዛሪውን ከሚያስገኙለት ዋና ዋና ሸቀጦች አንዱም እህል ነው። ከ1929 በኋላ ግን በዓለም የኢኮኖሚ ድቀት ምክንያት የእህል ዋጋ ክፉኛ ወረደ። ትናንት በአንድ ጭነት እህል ይገኝ የነበረው ማሽን ዛሬ ሁለት ጭነት ጠየቀ ማለት ነው። ጤናማ አስተዳደር እዚህ ላይ ቆም ብሎ ዕቅዱን ይከልስ ነበር፤ የሆነው ግን ዕቅዱ ባለበት ጸንቶ ከገበሬው የሚወሰደው እህል እንዲጨምር መወሰኑ ነው። በ1930 ወደ 4.8 ሚሊዮን ቶን፣ በ1931 ደግሞ ከ5 ሚሊዮን ቶን በላይ እህል ወደ ውጭ ተላከ። የ1932 ምርት አሽቆልቁሎ ረሃቡ ሲገባም ጭነቱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም፤ በዚያ ዓመትም ሆነ ሰዎች በየመንገዱ በሚወድቁበት በ1933 በእያንዳንዱ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ቶን በላይ ወጥቷል።

በረሃቡ ያለቁት ሰዎች ቁጥር እንደየጥናቱ ከ5 ተኩል እስከ 8 ተኩል ሚሊዮን ይደርሳል፤ ከእነዚህ ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት በዩክሬን ነው የሞቱት። በካዛክስታን ወደ አንድ ሚሊዮን ተኩል የሚጠጋ ሕዝብ ጠፋ፤ ከካዛኮች ከሦስቱ አንዱ ማለት ነው። የካዛኮቹን ነገር ከኢሳና ከአፋር ጋር ጎረቤት ሆኖ ላደገ የአካባቢያችን ሰው ማስረዳት አያዳግትም። አርብቶ አደርን መንጋውን ወስደህ «እዚህ ተቀመጥና እረስ» ስትለው፣ ባንኩንም፣ ምግቡንም፣ መጓጓዣውንም በአንድ ቀን ወስደህበታል።

አሁን ወደ ኢኮኖሚው ልመለስ። ገበሬው ወደ ኅብረት እርሻ በግድ ሲገባ ከብቱን ከሚያስረክብ አርዶ መብላትን መረጠ፤ የቀረውም በመኖ እጦትና በአያያዝ ጉድለት አለቀ። በ1928 ከ30 ሚሊዮን በላይ የነበሩት ፈረሶች በ1933 ወደ ግማሽ ወረዱ፤ የቀንድ ከብቱም እንዲሁ። ፈረስ በዚያ አገር እርሻ ማለት የእኛ በሬ ነው። ስለዚህ ከአዲሶቹ ፋብሪካዎች የወጡት ትራክተሮች ለብዙ ዓመታት ያደረጉት ነገር ቢኖር ያለቀውን ፈረስ መተካት ነበር፤ በአንድ እጅ ያፈረስኸውን በሌላው እጅ በውድ ዋጋ መጠገን። ባርሶቭ የተባለ የሶቪየት ኢኮኖሚስት በ1960ዎቹ መጨረሻ የአገሩን መዛግብት አገላብጦ የደረሰበት ድምዳሜ በጊዜው ብዙዎችን አስደንግጧል፦ በመጀመሪያው ዕቅድ ዘመን ከእርሻ ወደ ኢንዱስትሪ የፈሰሰው የተጣራ ሀብት ከዚያ በፊት ከነበረው አልበለጠም። ይህ እውነት ከሆነ ያ ሁሉ ሰው የሞተበት ዝርፊያ ለፋብሪካው እንኳ እዚህ ግባ የሚባል ትርፍ አላመጣም።

በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ የምለው ከዚህ ይከተላል። ፍጆታን ለጊዜው ማዘግየት፣ በድንኳንና በእንጨት ሰፈር እየኖሩ ፋብሪካ መሥራት፣ ይህ ሁሉ በየትኛውም አገር የነበረ ነው። የኡራሏን የብረት ከተማ ማግኒቶጎርስክን ከባዶ ሜዳ ያነሡት ሠራተኞች የበረዶውን ወራት በዚያ ዓይነት መጠለያ አሳልፈዋል። ነገር ግን በ1930 እና በ1931 ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚሆኑ «ኩላክ» (ሀብታም ገበሬ) የተባሉ ገበሬዎችን ከነቤተሰባቸው ወደ በረዶ ምድር ማጋዝ፣ በነሐሴ 1932 ሕግ ከኅብረት እርሻ እሸት የለቀመውን ሰው እስከ ሞት የሚደርስ ቅጣት መቅጣት፣ በጥር 1933 ደግሞ የተራበ የዩክሬን ገበሬ እህል ፍለጋ ከአገሩ እንዳይወጣ መንገዱን መዝጋት ለየትኛው ምድጃ አስፈለገ? አንድ ቶን ብረት አልጨመረም። በ1937 የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 162 ሚሊዮን ሰው ብቻ ሲያገኝ፣ መንግሥት የጠበቀው ከዚህ በብዙ የሚበልጥ ስለነበር ውጤቱ ታፈነ፤ ቆጠራውን የመሩት ባለሙያዎችም ታሰሩ፣ ከእነሱም የተገደሉ አሉ። የሞቱትን መቁጠር ራሱ ወንጀል በሆነበት ቦታ ስለ ዋጋና ጥቅም ማመዛዘን የሚያወራ ሰው ያስገርመኛል።

ሰንጋ በር፦

በመምህሩ ቁጥሮች ላይ ክርክር የለኝም፤ በአደማመሩ ላይ ግን አለኝ። ጀርመን ስትወር ሶቪየቶች ከ1,500 በላይ ፋብሪካዎችን ነቅለው ወደ ምሥራቅ ማሸሽ የቻሉት፣ ማሸሻውም ቦታ በኡራል የነበረው፣ ማግኒቶጎርስክና መሰሎቹ ቀድመው ስለተሠሩ ነው። ያ ብረት ባይኖር ኖሮ የሞቱትን የሚቆጥር የሶቪየት ታሪክ ጸሐፊም ላይኖር ይችል ነበር።

ደግሞስ ስሕተቱ የመንግሥት ዕቅድ በመሆኑ ነውን? ደቡብ ኮሪያም በ1962 የአምስት ዓመት ዕቅድ ጀምራለች፤ ባንኮቿ በመንግሥት እጅ ነበሩ። የፖሃንግን የብረት ፋብሪካ አያዋጣም ብለው የዓለም ባንክ ባለሙያዎች ሲመክሩ መንግሥቷ አሻፈረኝ ብሎ ከጃፓን ባገኘው ገንዘብ ሠራው፤ በ1973 ሥራ ጀመረና ከዓለም ታላላቆች አንዱ ሆነ። በዚያም ቢሆን ያለ እንባ አልሆነም። በ1970 ቾን ቴ-ኢል የተባለ የ22 ዓመት ልብስ ሰፊ በሴኡል ገበያ መካከል «የሥራ ሕጉ ይከበር» እያለ ራሱን በእሳት አቃጥሏል። ማንቸስተርም ብትሄዱ የጥጥ ፋብሪካውን ያንቀሳቀሱት ሕፃናት ነበሩ። ያለ ዋጋ ኢንዱስትሪ የገነባ አገር ካለ አሳዩኝና ሐሳቤን ልቀይር።

ጡረተኛ የፕላን ሠራተኛ፦

በድሬ ሽማግሌንም «አንተ» ማለት ነውር ባይሆንም፣ ጽሑፍ ላይ ስለሆንን ለሁላችሁም በአክብሮት እጀምራለሁ።

ሰንጋ በር፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ዋጋ ያልከፈለ አገር የለም። እኔ ግን ልዩነቱን ያየሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከተቀመጥኩበት ወንበር ነው። በ1970ዎቹ በከተማችን ከነበሩት የመንግሥት ፋብሪካዎች በአንዱ፣ በፕላን ክፍል ውስጥ፣ የዕቅድ ክንውን ሪፖርት አዘጋጅ ነበርኩ። ዕቅዳችን የሚሰጠን በሜትር ነው፦ በሩብ ዓመቱ ይህን ያህል ሜትር ጨርቅ። መኪኖቹ ያረጁ ናቸው፤ መለዋወጫ የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪ ይጠየቃል፣ ይፈቀዳል ይባላል፣ አይመጣም። ሜትሩ ግን አይቀነስም። ታዲያ ምን ተደረገ? ድሩ እንዳለ ሆኖ ማጉ ሳሳ። ጨርቁ ወንፊት ሆነ ልበላችሁ፣ ሜትሩ ግን ሞላ። እኔም «ክንውን 102 በመቶ» ብዬ ጻፍኩ፤ ኮከብ ሠራተኛ ተመረጠ፣ ተጨበጨበ። ጨርቁ መጋዘን ገብቶ ተከመረ፤ ሰዉ ከጅቡቲ በባቡር ተደብቆ የሚመጣውን ይገዛ ነበር። የሚገርመው ውሸት አልጻፍኩም፤ ሜትሩን ለክታችሁ ብትመጡ ልክ ነበር።

ታዲያ ኮሪያን ከሩሲያ የሚለያት ይህ ይመስለኛል። የኮሪያ መንግሥት ብድርና ምንዛሪ ሲሰጥ ወደ ውጭ መላክን ግዴታ አድርጎ ነው። የሳሳውን ጨርቅ ሎስ አንጀለስ ያለ ነጋዴ አይገዛውም። ስለዚህ «ይህ አልሆነም» የሚል ድምፅ፣ ባለሥልጣኑ ሊያስረው የማይችለው ሰው አፍ ውስጥ ነበር። (ከዚያም በፊት መሬት ለአራሹ ተከፋፍሎ ስለነበር ገበሬው በባዶ እጁ አልጀመረም።) በሶቪየት ያ ድምፅ የሚወጣው ከበታች ሹም ነው፤ እሱ ደግሞ እውነቱን ቢናገር «አሻጥረኛ» ይባላል። የስታሊንግራድ ትራክተር ፋብሪካ በሰኔ 1930 በታላቅ ድግስ ተከፈተ፤ እስከ መስከረም ሁለት ሺሕ ገደማ ትራክተር ይጠበቅበት የነበረ ሲሆን ያወጣው 43 ነው። ሕንፃውን የነደፈው ስመ ጥሩው አሜሪካዊ አርክቴክት አልበርት ካን ነበር፤ ሕንፃው ጉድለት አልነበረበትም። የጎደለው መኪና የነካ እጅ ነው፤ ይህን ደግሞ በጥድፊያ ማምጣት አይቻልም።

በቻይና የሆነው ከዚህም ይከፋል። በ1958 የብረት ምርት በአንድ ዓመት እጥፍ ሆኖ ወደ 10.7 ሚሊዮን ቶን እንዲደርስ ተወሰነ። ገበሬው ከእርሻው ተነሥቶ በየጓሮው በሠራው ምድጃ ድስቱን፣ ማረሻውን፣ የበሩን መቀርቀሪያ አቀለጠ። ቁጥሩ ሞላ ተባለ፤ ከወጣው ብረት ብዙው ግን ለምንም የማይሆን ነበር። ሰብሉ ማሳ ላይ የሚሰበስበው አጣ፤ አውራጃዎች ደግሞ ያላመረቱትን አመረትን ስላሉ የመንግሥት ድርሻ በዚያ የሐሰት ቁጥር ተሰልቶ ተወሰደ። በሐምሌ 1959 በሉሻን በተደረገው ስብሰባ ማርሻል ፔንግ ደኋይ ነገሩን በጨዋ ደብዳቤ ለማኦ ቢያሳስብ ከመከላከያ ሚኒስትርነቱ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ማን ይናገር? በረሃቡ የሞቱት እንደየግምቱ ከ15 እስከ 45 ሚሊዮን ይባላሉ፤ አብዛኞቹም የሞቱት ከደብዳቤው በኋላ ነው።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባላል። እኔ በበኩሌ መጥኖ ለመደቆስ መስፈሪያው እውነተኛ መሆን አለበት እላለሁ፤ እኛ ጋ መስፈሪያው ራሱ የተበላሸ ነበር።

የገጠር ልጅ ከምሥራቅ ሐረርጌ፦

እናንተ ስለ ፋብሪካ ስትነጋገሩ እኔ ያደግሁበትን ላንሣ፤ ዕቅድ ገጠር ሲደርስ ምን እንደሚመስል ያሳያልና። በ1977 እና በ1978 የመንደር ምሥረታ ዘመቻ በሰፊው የተካሄደው በሐረርጌ ነው፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ቤቱን አፍርሶ ወደ አዳዲስ መንደሮች ገብቷል። የተሰጠው ምክንያት ጥሩ ነበር፦ ውኃ፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክ፣ ትራክተር፣ ውሎ አድሮም ወልባ፤ ማለትም ገበሬው መሬቱንና በሬውን አንድ ላይ የሚያደርግበት የአምራቾች ማኅበር።

የቤታችን ምሰሶና ክዳን ተነቅሎ በሰው ትከሻ ሲሄድ አስታውሳለሁ። አዲሱ መንደር በገመድ የተለካ፣ ቀጥ ያለ መስመር ነበረው። ማሽላችንና ጫታችን ግን የቀሩት እዚያው ኮረብታው ላይ ነው። አባቴ ማሳው ለመድረስ አንድ ሰዓት ከምናምን ይሄድ ነበር፤ ማታ ዝንጀሮና ከርከሮ የሚጠብቅ ሰው ስለሌለም ከተዘራው ያገኘነው ትንሽ ነው። ጫት ደግሞ ጧት በጊዜ ተቀንጥሶ ገበያ ካልደረሰ ዋጋ የለውም፤ ይህን ዕቅዱን የነደፈው ሰው ስለማወቁ እጠራጠራለሁ። የተባለው ውኃ ሳይገባ እናቴ ከበፊቱ ርቃ ትቀዳ ጀመር። ከጎረቤቶቻችን ድንበር ተሻግረው ሶማሊያ የገቡ ብዙ ናቸው። የካቲት 1982 ላይ መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ሲያውጅ ግን ማንም ሳያዘው ሕዝቡ ምሰሶውን ነቅሎ ወደ ኮረብታው ተመለሰ። ከሪፖርት በፊት እግር መልስ ይሰጣል።

መምህሩ ሁለት ሒሳብ አይደለም ያሉት ለእኔ እንዲህ ነው የገባኝ፦ ዝንጀሮ የበላው ማሽላ የኢኮኖሚ ኪሳራ ነው ወይስ የሰው? የኛ እራት ነበር።

የከዚራው አንባቢ፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ትልቅ ነው። ጋሼ (የፕላን ሠራተኛው ማለቴ ነው)፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሩሲያ አማካሪዎች በእርስዎ ዘመን አዲስ አበባ በማዕከላዊ ፕላን ውስጥ ተቀምጠው ይሠሩ ነበር ይባላል። ያን ሁሉ ኪሳራ አገራቸው ያየች ሰዎች እንዴት ተመሳሳዩን ለእኛ መከሩን? ሰንጋ በርም፣ «ከዕቅዱ ይልቅ ዕቅዱን የሚያርመው ሰው መኖር አለመኖሩ ነው ወሳኙ» በሚለው የጋሼ ሐሳብ ላይ ምን ይላሉ?

ሰንጋ በር፦

በኮሪያው ላይ ጋሼ ያሉትን እቀበላለሁ። በጦርነቱ ላይ ግን አቋሜን አልለቀቅሁም፤ ወራሪ በር ላይ ሲቆም ገዢ ነጋዴ እስኪመርጥልህ አትጠብቅም። ይሁንና መምህሩ ስለ ፈረሶቹ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ያ ጦር በ1941 መድፉን በብዙ ቦታ የሚጎትተው በፈረስ እንደነበረ ትዝ አለኝና ለራሴም ትንሽ ከበደኝ።

ጡረተኛ የፕላን ሠራተኛ፦

ልጄ፣ እነሱ ተመሳሳዩን አልመከሩም፤ የሚያስደንቀውም ይህ ነው። የአሥር ዓመቱ መሪ ዕቅድ በመስከረም 1977፣ ከኢሠፓ ምሥረታ ጋር በአንድ ሰሞን ሲታወጅ፣ ኢኮኖሚው በየዓመቱ 6.5 በመቶ፣ ኢንዱስትሪው ከ10 በመቶ በላይ እንዲያድግ ይል ነበር። ያን ጊዜ ሰሜኑ በሰባ ሰባቱ ድርቅ እያለቀ ነው። ከዓመት በኋላ፣ በ1978 መጀመሪያ ላይ፣ እነዚያው የሶቪየት አማካሪዎች ባቀረቡት የምክር ሪፖርት ዕቅዱ ከአገሪቱ አቅም ጋር እንዲመጣጠን፣ ለአነስተኛው ገበሬ ማበረታቻ እንዲሰጥ፣ ለግል ባለሀብቱም መንገድ እንዲከፈት ጠይቀዋል። ከሞስኮ ፕላን ኮሚሽን የመጡ ሰዎች! ሰሚ ግን አላገኙም፤ ቅይጥ ኢኮኖሚው የታወጀው ከአራት ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው፤ ከዚያም በኋላ ያ መንግሥት የቆየው ዓመት ከጥቂት ወር ነው።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ የገጠር ልጅ የጻፈውን ካነበብሁ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣም። እኛ የከተማ ሠራተኞች በዚያ ዘመን እህል የምንገዛው ከቀበሌው የኅብረት ሱቅ፣ በቤተሰብ ቁጥር፣ ከገበያው በብዙ በረከሰ ዋጋ ነበር። ባለቤቴ ከረጢቱን ይዛ ስትገባ ደስ ይለን ነበር። ዋጋው የረከሰው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በኮታ፣ በተቆረጠ ዋጋ ስለሚወስደው ነው፤ ኮታውን ከምርቱ መሙላት ያልቻለ ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረክብ ነበር። ይህን ያኔ አውቅ ነበር። የፕላን ሰው ስለሆንኩ ከሌላው ሠራተኛ ይበልጥ አውቀው ነበር። የደመወዛችንን የመግዛት አቅም በዓመቱ ሪፖርት ላይ ሳሰላም «የዋጋ መረጋጋት» በሚለው ርእስ ሥር የጻፍኩት እሱኑ ነው።

ቅዳሜ ከተሰበሰባችሁ እመጣለሁ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቢሆን ግን እመርጣለሁ፤ ፀሐዩን አልችለውም።